ወንዝ የሚጋሩ አስተዳደሮች የካርታ መረጃቸውን ለአደጋ ጊዜ እንዴት ያጋሩ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ ጠያቂው በአንድ ክልል የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር መሥሪያ ቤት የጂአይኤስ (በኮምፒውተር የሚሠራ የካርታ መረጃ) ባለሙያ ናቸው። አንድ ትልቅ ወንዝ የሚጋሩ አራት አጎራባች አስተዳደሮች በየዓመቱ በጎርፍ ይጠቃሉ። ውኃው ሲሞላ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በእጁ ያለውን ፋይል በኢሜይል መላክ ይጀምራል፤ ነገር ግን መንገዶቹ ወሰን ላይ ሲደርሱ አይገጣጠሙም፣ የመንደሮቹ ስም ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ይለያያል፣ የሕግ ክፍሉም መረጃ አሳልፎ መስጠት ያስጠይቃል እያለ ደብዳቤውን ያዘገያል። «የትኛውን መረጃ፣ ለማን፣ በምን መልክ እናጋራ? ከየትስ እንጀምር?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የቀሩት መልሶች ከመጨረሻው ጥያቄ ስለሚከተሉ ከእሱ ልጀምር። መጀመር ያለብዎት ከአራቱ አስተዳደሮች ስምምነትና ከጋራ መለያ ኮድ ነው፤ ሰርቨሩ፣ ድረ ገጹና ሶፍትዌሩ ሊቆዩ ይችላሉ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በተቃራኒው ይሄዳሉ፤ በጀት ሲገኝ በቅድሚያ የመረጃ ማሳያ ድረ ገጽ ያሠራሉ፣ ድረ ገጹ ተመርቆ ሲያበቃ ግን ሊገባበት የታሰበው መረጃ እርስ በርሱ የማይናበብ ሆኖ ይገኛል። በአስቸኳይ ጊዜ የካርታ መረጃ ጥቅም የሚለካው በአንድ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፦ ፋይሉን የተቀበለው ሰው ላኪውን ደውሎ ሳይጠይቅ ከራሱ መረጃ ጋር አጣምሮ ወዲያውኑ ሊሠራበት ይችላል ወይስ አይችልም? ጎርፉ በገባበት ሌሊት ላኪው ስልክ ላያነሣ ይችላል፤ የስልክ ማማው ራሱ ወድቆ፣ ወይም ባለሙያው የራሱን ቤተሰብ በማውጣት ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይህን መመዘኛ የተከተለ ነው።

አስቀድሞ መዘጋጀት የሚያመጣውን ልዩነት ሁለት የመሬት መንቀጥቀጦች በደንብ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ሄይቲን በመጠን 7.0 የመታው መንቀጥቀጥ ከሌሎች የመንግሥት ሕንጻዎች ጋር የአገሪቱን የጂኦስፓሻል መረጃ ማዕከል ሕንጻም አፈረሰ። ካርታው በሚያስፈልግበት ሰዓት ካርታውን የያዘው ተቋም ራሱ የአደጋው ሰለባ ሆነ ማለት ነው። ማንም ሊያርመው በሚችለው ነጻ የዓለም ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ በኩል፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች፣ ለዚሁ ሲባል ከተለቀቁ የሳተላይት ምስሎች እየተነሡ የፖርት ኦ ፕራንስን መንገዶች በቀናት ውስጥ ሣሉ፤ የነፍስ አድን ቡድኖችም ያንን ካርታ በጂፒኤስ መሣሪያቸው ላይ ጭነው ተጠቀሙበት። ይህ ትልቅ ሥራ ነበር። ሆኖም ከሳተላይት መንገዱ ይታያል እንጂ ስሙ አይታይም፤ ጣሪያው ይታያል እንጂ ከሥሩ ያለው ክሊኒክ ይሁን መጋዘን አይታወቅም። ይህን የሚያውቁት የአካባቢው ነዋሪዎችና እንደ እርስዎ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ናቸው። በኔፓል ደግሞ ካትማንዱ ሊቪንግ ላብስ የተባለው ድርጅት ከአደጋው አስቀድሞ ባሉት ዓመታት የካትማንዱ ሸለቆን ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና መንገዶች በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ሲመዘግብ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2015 በመጠን 7.8 የሆነው መንቀጥቀጥ ሲደርስ ከመላው ዓለም የተሰለፉት በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች በሸለቆው ሥራውን ከባዶ አልጀመሩም፤ ስምና አገልግሎት በተሞላበት መሠረት ላይ ቀጠሉ።

መረጃን ማጋራት ሌላም ጥቅም አለው፤ ብዙ ጊዜ ስለማይነሣ ለኃላፊዎችዎ ቢያነሡላቸው መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 በጃፓን የደረሰው ሱናሚ የአራት ከተሞችን የቤተሰብ መዝገብ ከነጽሕፈት ቤቶቹ ሲያጠፋ፣ መዝገቡን እንደገና ማዘጋጀት የተቻለው ቅጂው በሌላ ስፍራ በፍትሕ ሚኒስቴሩ ሥር ባሉ መሥሪያ ቤቶች ይቀመጥ ስለነበር ነው። መዝገቡ ካርታ ባይሆንም ነገሩ ለካርታም ያው ነው። ለጎረቤትዎ የሰጡት ቅጂ የእርስዎ ሰርቨር ውኃ ውስጥ በገባ ቀን የሚመለስልዎ ንብረት ነው።

ምን እናጋራ ለሚለው፣ መረጃውን በሚለወጥበት ፍጥነት መክፈል ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። አንደኛው ወገን በዝግታ የሚለወጠው መሠረታዊ መረጃ ነው፤ የአስተዳደር ወሰን፣ የሰፈራ ቦታዎች፣ መንገድ፣ ድልድይ፣ ወንዝና ተፋሰስ፣ የመሬት ከፍታ፣ የጤና ተቋማት፣ ትምህርት ቤቶች፣ የውኃ ነጥቦች፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ባለፉት ዓመታት ውኃ የሸፈናቸው ስፍራዎች ሁሉ እዚህ ይገባሉ። ይህ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ከዝናቡ ወቅት አስቀድሞ፣ በሙሉ ቅጂ መለዋወጥ አለበት። ሁለተኛው የሰዓታት ዕድሜ ያለው የሁኔታ መረጃ ነው፤ የተዘጋ መንገድ፣ አሁን ውኃ የያዘው ቦታ፣ የተከፈተ መጠለያ፣ ነዳጅ ያለበት ማደያ። ሁለቱን በአንድ ፋይል መቀላቀል በሥራ ላይ ከማያቸው ችግሮች ሁሉ ከባዱ ነው፤ አንድ ሰው በድልድዩ መሠረታዊ ሌየር፣ ማለትም የካርታ ንጣፍ፣ ላይ «ተሰብሯል» ብሎ ይጽፍና ከስድስት ወር በኋላ፣ ድልድዩ ተጠግኖ መኪና ሲያልፍበት፣ ካርታው አሁንም ተሰብሯል ይላል። መሠረቱን ሳይነኩ፣ ሁኔታውን ከድልድዩ መለያ ቁጥር ጋር በተያያዘ የተለየ ሠንጠረዥ ከቀንና ከሰዓት ጋር ይመዝግቡት።

ስለ ድልድይ ካነሣሁ አይቀር፣ ነጥቡን ማጋራት ብቻ ብዙም እንደማይጠቅም ልጨምር። የእርዳታ እህል የጫነ ከባድ መኪና የሚልክ ሰው ድልድይ መኖሩን አይደለም የሚጠይቅ፤ ስንት ቶን ይሸከማል፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ ከብረት ነው ወይስ ከእንጨት፣ የወንዙ ከፍታ ስንት ሜትር ሲደርስ ውኃው ከላዩ ያልፋል ብሎ ነው። ይህን የሚያውቁት የመንገድ ጥገና ሠራተኞች ናቸው፤ ዕውቀቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጭንቅላታቸው እንጂ በፋይል አይገኝም። በየቀበሌው ያሉትን ጥቃቅን መሻገሪያዎች በሙሉ ከመመዝገብ ይልቅ፣ ወሰን በሚያቋርጡት ዋና ዋና መንገዶች ላይ ላሉ ድልድዮች እነዚህን አራት ጥያቄዎች መመለስ ይቀድማል ብዬ እመክራለሁ። የጤና ተቋማትም እንዲሁ ናቸው፤ የአልጋ ብዛት፣ የራሱ ጄነሬተርና የራሱ ውኃ ያለው መሆኑ፣ ቀዶ ሕክምና መስጠት አለመስጠቱ ከሕንጻው ምስል ይልቅ ዋጋ አላቸው።

ወሰን ላይ የማይገጣጠሙትን መንገዶች በተመለከተ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት መረጃውን በራሱ ወሰን ቆርጦ ማስቀረቱ ነው። ወንዙ በወሰን አይቆምም፤ የእርስዎን ጎርፍ የሚወስነው የላይኛው ተፋሰስ ዝናብ ስለሆነ፣ የጎርፍ ነክ መረጃ ልውውጡ የአስተዳደር ወሰንን ሳይሆን ተፋሰስን ይከተል። ለመንገዶቹ ደግሞ ሁለቱ ጎረቤቶች አንድ ቀን ተቀምጠው እያንዳንዱ መንገድና እያንዳንዱ ወንዝ ወሰኑን የሚያቋርጥበትን ነጥብ በጋራ ይወስኑ፤ ነጥቡ መለያ ቁጥር ይሰጠው፣ ሁለቱም ወገኖች መስመራቸውን እዚያ ነጥብ ላይ ያሳርፉ። ወሰኑ ራሱ የሚያከራክር ከሆነ ክርክሩ የካርታ ልውውጡን እንዲያግድ አይፍቀዱ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በካርታዎቹ ላይ እንደሚያደርገው፣ የሚታየው ወሰን ለሥራ ብቻ የሚያገለግልና የባለቤትነት ዕውቅና የማይሰጥ መሆኑን የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር በግልጽ ይጻፍበት፤ በአከራካሪው ቦታ ያሉ መንደሮችም ከሁለቱም ወገን ዝርዝር እንዳይወድቁ በአንድ የጋራ ኮድ ይመዝገቡ። ከካርታ የወደቀ መንደር ከእርዳታም ይወድቃል፤ ይህ እንዳይሆን መጠንቀቅ የሁላችን ግዴታ ነው።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምመለከተው ወደ ኮዱ ልምጣ። የቦታ ስም መረጃን ለማጣመር አስተማማኝ ቁልፍ አይደለም። አንድ ስም ያላቸው ብዙ መንደሮች አሉ፤ አንድ መንደር ደግሞ ሁለት ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል፤ ስሙ ከአንድ ፊደል ወደ ሌላ ፊደል ሲገለበጥ በየጸሐፊው ልዩ ልዩ አጻጻፍ ያገኛል። ኮምፒውተር አንድ ሆሄ የተለየበትን ስም ሌላ ቦታ ነው ብሎ ያልፈዋል። በሰብአዊ እርዳታ ሥራ የተለመደው መፍትሔ ፒ-ኮድ የሚባለው ነው፤ ለእያንዳንዱ የአስተዳደር እርከንና ሰፈራ ቦታ ልዩ መለያ ይሰጣል፣ የታችኛው እርከን ኮድ የላይኛውን ኮድ በውስጡ ይይዛል። በዚህ አሠራር የሕዝብ ብዛት ሠንጠረዥ፣ የጤና ሪፖርትና የጉዳት ግምገማ፣ ከሦስት ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ቢመጡም፣ በደቂቃዎች ውስጥ በአንድ ካርታ ላይ ይቀመጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ለብዙ አገሮች ከስታቲስቲክስና ከካርታ ተቋማት ጋር ሆኖ ያዘጋጃቸውን ኮዶችና ወሰኖች በሰብአዊ መረጃ መለዋወጫ ገጹ ላይ ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ለአገርዎ አስቀድሞ የወጣ ዝርዝር ካለ አዲስ አይፍጠሩ፤ ያለውን ተቀብለው የጎደለውን የታችኛውን እርከን ይሙሉ።

ኮዱን በተመለከተ ሁለት ሕጎች በስምምነቱ ውስጥ ይግቡ። የመጀመሪያው፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ኮድ ለሌላ ቦታ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦታው ቢጠፋም ኮዱ ከነታሪኩ ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ አንድ ወረዳ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱም ክፍሎች አዲስ ኮድ ያገኛሉ፣ የትኛው አሮጌ ኮድ ወደ የትኞቹ አዲስ ኮዶች እንደሄደና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ የሚያሳይ የማገናኛ ሠንጠረዥም ይያዛል። ይህ ሠንጠረዥ ከሌለ ያለፈው ዓመት የሕዝብ ቁጥር በዘንድሮው ወሰን ላይ ሲቀመጥ ግማሹ ሕዝብ ከስሌቱ ይወጣል፤ የድንኳንና የመድኃኒት ክፍፍሉም በዚያው ልክ ይሳሳታል። ኮዱን የሚጠብቅ አንድ የሥራ መደብ፣ ከምትኩ ጋር፣ በየአስተዳደሩ ይሰየም። የሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደብ ያልኩት ሰው ሲዛወር ኃላፊነቱ አብሮ እንዳይጠፋ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመጋጠሚያ ነጥቦች፣ ማለትም ቦታን በቁጥር የሚያመለክቱት ኮኦርዲኔቶች፣ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የሚፈጠር ስሕተት በስክሪን ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ሜዳ ላይ ግን ሰው ያሳስታል። በኬክሮስና በኬንትሮስ የሚጻፍ ማንኛውም ነጥብ በአስርዮሽ ዲግሪና ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ 84 ሥርዓት ይሁን ብለው ይስማሙ። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «12 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ» የተባለውን በራዲዮ የሰማ ሰው 12.30 ብሎ ቢጽፈው፣ ትክክለኛው 12.5 ስለሆነ፣ የነፍስ አድን ቡድኑ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይሄዳል። ዩቲኤም፣ ማለትም ቦታን በሜትር የሚገልጸውን ሥርዓት፣ የምትጠቀሙ ከሆነ ዞኑ ሁልጊዜ አብሮ ይጻፍ፤ ምድር እያንዳንዳቸው 6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው 60 ዞኖች የተከፈለች ስለሆነች፣ አራቱ አስተዳደሮች በሁለት ዞኖች ላይ ሊያርፉ ይችላሉ፣ ዞን የሌለው ቁጥር ደግሞ ቦታውን በመቶ ኪሎ ሜትሮች ያዛንፈዋል። በድሮ ወረቀት ካርታዎች ላይ የተመሠረቱ ፋይሎች በሌላ የምድር መነሻ ሥርዓት፣ ማለትም በሌላ ዳተም፣ ተሠርተው ከሆነ ሳይቀየሩ ሲደራረቡ በመቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊንሸራተቱ ይችላሉ፤ ይህ ደግሞ በወንዝ ዳር ያለን ክሊኒክ ወደ ማዶ ለማሻገር በቂ ነው። የኬክሮስና የኬንትሮስ ቅደም ተከተልም በቃል አይታለፍ፤ ጂኦጄሰን የተባለው የፋይል ዓይነት ኬንትሮስን ሲያስቀድም ብዙ ሠንጠረዦች ኬክሮስን ያስቀድማሉ።

ከፍታ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለት ጎረቤቶች «ከባሕር ወለል በላይ» ሲሉ የሚነሡበት ዜሮ አንድ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ጀርመንና ስዊዘርላንድ በራይን ወንዝ ላይ በላውፈንቡርግ ድልድይ ሲሠሩ በሁለቱ የከፍታ መነሻዎች መካከል የ27 ሴንቲ ሜትር ልዩነት እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ማስተካከያው ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተወሰደ ሁለቱ ወገኖች በ54 ሴንቲ ሜትር ተበላለጡ። ልዩነቱ እየታወቀ እንኳን ይህ ከሆነ፣ በማይታወቅበት ሜዳማ የጎርፍ አካባቢ ግማሽ ሜትር ማለት ውኃ የሚገባበትንና የማይገባበትን ሰፈር መለየት ነው። የወንዝ ከፍታ መለኪያ ጣቢያዎች ዜሮ ነጥብ ከምን ጋር እንደተያያዘ በጽሑፍ ይለዋወጡ። በነጻ የሚገኘውን የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ በሚመለከትም፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢንዴቨር የጠፈር መንኮራኩር በተካሄደው የራዳር ልኬት የተገኘው መረጃ የዛፍ ጫፍንና የጣሪያን ከፍታ ከመሬቱ ጋር ይቀላቅላል። ተፋሰስ ለመለየትና ውኃ ወዴት እንደሚፈስስ ለማወቅ ይጠቅማል፤ የትኛው ቤት ስንት ሴንቲ ሜትር ውኃ ይገባዋል ለማለት ግን አይበቃም፣ ማንም በዚያ ላይ ተመሥርቶ እንዲህ ያለ ካርታ ቢያወጣ ሊቃወሙት ይገባል።

ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር የሚሄደው ማብራሪያ፣ ሜታዳታ የሚባለው፣ ረጅም መሆን የለበትም። መረጃው በመስክ የተሰበሰበበት ቀን፣ ማን እንደሰበሰበው፣ የመጋጠሚያ ሥርዓቱ፣ በምን ስኬል እንደተሣለ፣ ምን እንደጎደለው፣ ማን እንደሚያርመው ካለ ይበቃል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ቀኑን እመርጣለሁ፤ ቀን የሌለው ካርታ ከሌለ ካርታ ይከፋል፣ ምክንያቱም ተጠቃሚው አዲስ መስሎት ያምነዋል። ፋይሉ የተቀመጠበት ቀን መረጃው የተሰበሰበበት ቀን እንዳልሆነም ይታወስ። ቀኑ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ተገልጾ፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል በቁጥር ይጻፍ።

ስለ ፋይል ዓይነት ብዙ አልልም። ጂኦፓኬጅ ሁሉንም ሌየሮች በአንድ ፋይል ስለሚይዝ ለልውውጥ ይመቻል። ሼፕፋይል የሁሉም ሶፍትዌር ቋንቋ ቢሆንም የዓምድ ስምን በ10 ሆሄ ይገድባል፣ ከላቲን ውጭ ያለ ፊደልም የፊደል አመሰጣጠሩ (ኢንኮዲንጉ) ካልተገለጸ ወደ ጥያቄ ምልክት ሊቀየር ይችላል፤ በሼፕፋይል መላክ ግድ ከሆነ ይህን ሁልጊዜ ከፍተው ያረጋግጡ። የጂአይኤስ ሶፍትዌር ለሌላቸው አጋሮች ኮዱን የያዘ የኤክሴል ሠንጠረዥና በፒዲኤፍ የተዘጋጀ ካርታ ይጨመር። ወረቀትን አይናቁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የሞዛምቢክን ቤይራ ከተማ ሲመታ የከተማዋ የመገናኛ መስመር ተቋርጦ ነበር፤ በኢንተርኔት ብቻ የሚከፈት መረጃ በእንዲህ ያለ ቀን የለም ማለት ነው። በየአስተዳደሩ አንድ በየወቅቱ የሚታደስ ውጫዊ ሃርድ ዲስክና አንድ ጥቅል የታተመ ካርታ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ፎቅ ላይ ይቀመጥ።

ወደ ሕግ ክፍልዎ ስጋት ስመለስ፣ ስጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ነገር ግን የሚመለሰው መረጃውን በደረጃ በመክፈል እንጂ ሁሉን በመዝጋት አይደለም። ሦስት ደረጃ ይበቃል። የመጀመሪያው ለማንም ክፍት የሆነው ነው፤ መንገድ፣ ድልድይ፣ ወንዝ፣ ኮድ፣ የሰፈራ ቦታ፣ ባለፉት ዓመታት ጎርፍ የደረሰበት ስፍራ። ሁለተኛው በስምምነቱ ላይ ለፈረሙ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ የእህል መጋዘንና የነዳጅ ክምችት መጠን፣ የውኃና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ዝርዝር፣ የኃላፊዎች የግል ስልክ። ሦስተኛው ከባለቤቱ መሥሪያ ቤት የማይወጣ ነው፤ የቤተሰብ ስም ዝርዝር፣ የእርዳታ ተቀባዮች መዝገብ፣ የሕሙማን መረጃ፣ ከጥቃት ሸሽተው የተጠለሉ ሰዎች ያሉበት ቦታ። በዚህ ሦስተኛው ላይ ድርድር የለም።

ስም መሰረዝ ብቻ ሰውን አይሸፍንም። ገለል ብሎ የተሠራ አንድ ቤት መጋጠሚያ ነጥቡ ራሱ ስሙ ነው። ከዚህም በላይ፣ ለብቻቸው ጉዳት የሌላቸው ሁለት ፋይሎች ሲጣመሩ ሊጎዱ ይችላሉ፤ የአካል ጉዳተኞች ቁጥር በመንደር ደረጃና የቤቶች ካርታ አንድ ላይ ሲመጡ፣ መንደሩ አነስተኛ ከሆነ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ የተጋላጭነት መረጃ በወረዳ ወይም በትልቅ የሰፈራ ክፍል ተደምሮ ይውጣ፤ ነጥቡ ግድ ካስፈለገ የአስርዮሽ ቤቶቹ ይቀነሱ። ሦስት የአስርዮሽ ቤት ያለው ነጥብ ቦታውን በኬክሮስ አቅጣጫ በ110 ሜትር ገደማ፣ አምስት ያለው ግን በአንድ ሜትር ገደማ ለይቶ ያሳያል። የትጥቅ ግጭት ባለበት አካባቢ ደግሞ በሌላ ጊዜ ክፍት የሚሆነው የጤና ተቋም ቦታ እንኳን ተቋሙ ራሱ ሳይጠየቅ አይውጣ። ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ለሕግ ባለሙያዎቹ አክብሮት ባለው ቋንቋ ሊነገራቸው የሚገባው ነገር አለ፦ መረጃ ባለመስጠት የሚደርሰው ጉዳት በፋይል ላይ የማይመዘገብ ቢሆንም ጉዳት ነው፤ በድልድዩ አቅም አለመታወቅ መኪናው ሳይደርሰው የቀረ መንደር ማንንም አይከስስም፤ ይህ ግን ተጠያቂነቱን አያስቀረውም።

ስምምነቱ ከሁለት ሦስት ገጽ አይብለጥ። በውስጡ አንድ አንቀጽ እንዳይቀር አጥብቄ እመክራለሁ፤ የማስጠንቀቂያው ደረጃ ከታወቀ መጠን ሲያልፍ፣ ለምሳሌ በተስማሙበት ጣቢያ የወንዙ ከፍታ የተወሰነ ሜትር ሲደርስ፣ ሁለተኛው ደረጃ መረጃ ያለ ተጨማሪ ደብዳቤ ለሁሉም ፈራሚዎችና በስም ለተጠቀሱ የእርዳታ ድርጅቶች ይከፈታል፣ ከተወሰነ ቀን በኋላም ተመልሶ ይዘጋል የሚል። ኃላፊው የሚፈርመው በደረቁ ወቅት ተረጋግቶ አስቦበት ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ ፊርማ የሚለመንበት ሰው አይኖርም። ይህ አንድ አንቀጽ ያነሡትን የደብዳቤ መዘግየት አብዛኛውን ያስወግዳል ብዬ አምናለሁ። ስምምነቱ ጠባብ ሆኖ ቢጀመርም አይከፋም። ካምቦዲያ፣ ላኦስ፣ ታይላንድና ቬትናም በሜኮንግ ወንዝ ኮሚሽን በኩል የመረጃ ልውውጥ ሥርዓታቸውን እ.ኤ.አ. በ2001 አጽድቀዋል፤ የላይኛው ተፋሰስ ባለቤት ቻይና ደግሞ አባል ሳትሆን እ.ኤ.አ. በ2002 የጎርፍ ወቅት የውኃ መጠን መረጃ ብቻ ለመስጠት ተስማማች፣ ዓመቱን ሙሉ ለመስጠት የተስማማችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ለመተማመን ጊዜ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ወቅት፣ ለሁለት ጣቢያ የሚሆን ስምምነት ካለመኖር እጅግ ይሻላል።

ፈቃዱንም በግልጽ ይጻፉት። «ለአደጋ ሥራ ብቻ» የሚለው ሐረግ ምን እንደሚያካትት ካልተብራራ ተቀባዩ መረጃውን ከሌላ ጋር አጣምሮ ማተም ይችል እንደሆነ አያውቅም። ከኦፕንስትሪትማፕ የወሰዳችሁት መረጃ ካለ ምንጩን መጥቀስና ከእሱ ያዳበራችሁትን የመረጃ ቋት በይፋ ስታጋሩ በዚያው ፈቃድ ማጋራት ግዴታ ነው። ከንግድ የሳተላይት ምስል ላይ የተሣለ ሌየርም የምስሉ ውል ማጋራትን ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድሞ ይጣራ።

ሳተላይትን ካነሣሁ፣ ከአደጋ በኋላ ምስል በነጻ የሚገኝባቸው መንገዶች አሉ፤ ሁሉም ግን አስቀድሞ መታወቅን ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው የጠፈርና ከባድ አደጋዎች ዓለም አቀፍ ቻርተር፣ እንዲሁም የአውሮፓው የኮፐርኒከስ የአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎት፣ የሚንቀሳቀሱት ሥልጣን የተሰጠው ተቋም ሲጠይቅ ነው። በአገርዎ ያ ተቋም የትኛው እንደሆነና በሌሊት ማን ስልክ እንደሚያነሣ ዛሬ ያጣሩ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚበረው የአውሮፓ ሳተላይት ሴንቲኔል 1 በራዳር ስለሚሠራ በደመናና በሌሊትም ጎርፉን ያያል፤ በጥቅጥቅ ዛፍ ሥርና በሕንጻዎች መካከል ያለውን ውኃ ግን በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ ከሳተላይት በተሠራ ካርታ ላይ ውኃ ያልታየበት የከተማ ሰፈር ደረቅ ነው ተብሎ አይወሰድ። የምስሉ ጥቅም የሚታየውም እርስዎ ባዘጋጁት መሠረት ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ውኃው ስንት ሄክታር ሸፈነ ከማለት አልፎ የትኛው መንደር፣ ስንት ሰው፣ የትኛው ክሊኒክ ማለት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

ስሕተት የሚመለስበት መንገድም ይኑር። መረጃውን የሚጠቀሙት የቀይ መስቀል ወይም የቀይ ጨረቃ ሠራተኞች፣ የጤና ቡድኖችና ሾፌሮች ከማንም በፊት ስሕተቱን ያገኛሉ፤ እርማታቸው ወደ ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ካልተመለሰ እያንዳንዱ አጋር የራሱን የታረመ ቅጂ ይይዝና ከአንድ ዓመት በኋላ አምስት ልዩ ልዩ «ትክክለኛ» ካርታዎች ይኖራሉ። የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሳተላይት ምስል ለይቶ ያወጣቸው የሕንጻ ካርታዎችም፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት በነጻ የሚለቋቸው ዓይነት፣ የሰው ብዛት ለመገመት ይረዳሉ፤ ግን አለት ወይም የእህል ክምርን ቤት ብለው ሊቆጥሩ ስለሚችሉ በመስክ ካልተረጋገጡ እንደ ቆጠራ አይወሰዱ።

ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ፣ ከዝናቡ በፊት አንድ ልምምድ ያድርጉ። የአንዱን አስተዳደር ጥቅል መረጃ ለሌላው አስተዳደር ባለሙያ ያለ ማብራሪያ ይስጡና፣ ወንዙ ከዚህ ከፍታ ቢያልፍ የትኞቹ መንደሮች ይቆረጣሉ፣ 20 ቶን የጫነ መኪና በየት ይደርሳቸዋል፣ ቅርብ ያለው ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ተቋም የትኛው ነው ብለው ይጠይቁት። ስልክ መደወል ያስፈለገው በእያንዳንዱ ቦታ ላይ የጎደለውን ነገር ጽፈው ያስተካክሉ። የሕግ ክፍሉ አጠቃላዩን ስምምነት ገና እያጤነው ከሆነ ደግሞ ምንም የግለሰብ መረጃ በሌላቸው በሁለቱ፣ በኮዱ ዝርዝርና ወሰን በሚያቋርጡት መንገዶች የድልድይ ሠንጠረዥ፣ ልውውጡን በዚህ ወር መጀመር ይቻላል፤ ለእነዚህ የክፍል ኃላፊ ደብዳቤ ይበቃ እንደሆነ ይጠይቋቸው።